ሚስቲቱ ምን በወጣት?
ሐኪሙ «ፀጉርህ ይረግፋል፤ ያስመልስሃል» ይለዋል። ስለ ዘሩ ግን ትንፍሽ የለም። ነውር ነዋ! እንደ ሳይክሎፎስፋማይድ ያሉ የካንሰር መድኃኒቶች ቶሎ ቶሎ የሚራቡ ሕዋሳትን ሲያሳድዱ ቆለጥ ውስጥ የወንድ ዘር የሚያመነጩትንም አይምሩም። እንደ መድኃኒቱ ዓይነትና መጠን፣ አንዳንዱ ከዓመታት በኋላ ያገግማል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ይደርቃል። የወንድ ሆርሞን የሚያመነጩት ሕዋሳት ግን ይበልጥ ስለሚቋቋሙ ጢሙም ስሜቱም እንደነበረ ሊቆይ ይችላል። ታዲያ ማን ይጠረጥረዋል? «መካን» ተብላ ከጠበል ጠበል የምትንከራተተው ሚስቲቱ ናት።

ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ በ1996 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት ዘሩን በቅዝቃዜ አስቀመጠ፤ በ1999 የመጀመሪያ ልጁ ከዚያው ዘር ተወለደ። (በኋላ በአበረታች መድኃኒት መዋረዱ ሌላ ጉዳይ ነው።) እኛ ዘንድ ማስቀመጫው እንደ ልብ አይገኝም ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ መናገሩስ ስንት ብር ይፈጃል?