የሚያነብ ዓይን ለምን ያነባል?

ገበሬ ማረሻው ሲዶለዱም ወደ አንጥረኛ ይወስደዋል። ነጋዴ ሚዛኑ ሲዛባ ያቃናዋል። ተማሪ ግን መሣሪያው ዓይኑ ሆኖ ሳለ፣ ዓይኑ ሲቀላ፣ ሲያቃጥለውና አሸዋ እንደ ገባበት ሁሉ ሲቆረቁረው በእጁ አሽቶ ንባቡን ይቀጥላል። ሕመሙ ሲብስበት ደግሞ የጓደኛውን ጠብታ ተውሶ ይጨምራል። ይህ ልማድ ቸልታ ብቻ ሳይሆን አደጋም ስለ ሆነ፣ ስለ ዓይን ድርቀት ጥቂት ለማለት ብዕሬን አንሥቻለሁ። «የአርትስ ተማሪ ስለ ሕክምና ምን አገባው?» የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው፤ መድኃኒቱ የሐኪሞች ሊሆን ይችላል፣ ዓይኑ ግን የእኛ ነው።

ብዙዎቻችን የዓይን ድርቀት ሲባል እንባው የነጠፈ ዓይን ይመስለናል። ስለዚህ በንባብ ላይ ሳለ እንባው በጉንጩ የሚወርድ ተማሪ «ዓይንህ ደርቋል» ቢሉት ይስቃል። ነገር ግን አይሳቅ። በዓይናችን ፊት ላይ የተዘረጋው እንባ ከፀጉር ውፍረት እጅግ የቀጠነ ሽፋን ሲሆን፣ ሦስት ነገሮች ተባብረው ያቆሙታል። ከሥር ያለው እንባውን ከዓይን ጋር የሚያጣብቅ ዝልግልግ ነገር ነው። መካከሉ ውሃው ነው። ከላይ ደግሞ ውሃው ቶሎ እንዳይተን የሚከድነው ስስ ቅባት አለ። ይህን ቅባት የሚያመነጩት በዓይን ቆባችን ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ናቸው፤ ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ማይቦም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1666 ስለ ጻፈባቸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። እነዚህ ዕጢዎች ሲደፈኑ ቅባቱ ይጎድላል፣ ውሃው ይተንናል፣ ዓይኑም ይራቆታል። የተራቆተው ዓይን ሲቆጠቁጥ የእንባ ዕጢው እንደ ደራሽ ጎርፍ ውሃ ይለቃል። ጎርፍ ግን መሬቱን አጥቦ ያልፋል እንጂ አያርስም። የሚያነባው ዓይን ደረቅ ነው የሚባለው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህ ሽፋን በተማሪ ላይ ለምን ይበጣጠሳል? ሰው በጭውውት ላይ ሳለ በየደቂቃው ዐሥራ አምስት ወይም ሃያ ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። በእያንዳንዱ ርግብግቢት የዓይን ቆብ እንባውን እንደ አዲስ ይቀባል፤ ዕጢዎቹንም ጨምቆ ቅባት ያወጣል። መጽሐፍ ላይ ስናፈጥ፣ ይልቁንም የኮምፒዩተርና የስልክ መስተዋት ላይ ስናፈጥ፣ ይህ ቁጥር በግማሽና ከዚያም በላይ ይወርዳል፤ የሚረገበገበውም ዓይን ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይከደንም። በዚህ ላይ የበጋውን ደረቅ ነፋስና አቧራ፣ የሲጋራውን ጭስ፣ የሌሊቱን እንቅልፍ ማጣት ጨምሩበት። አዲስ አበባን የመሰለ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠ ከተማ በበጋ ወራት ለእርጥብ ዓይን ቸር አይደለም።

ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በስልክ ላይ መጫን አይገባም። ዕድሜ ሲገፋ እንባ ይቀንሳል፤ ሴቶችም ከወንዶች ይልቅ በዚህ ሕመም ይጠቃሉ። ለአለርጂ የሚዋጡ አንዳንድ እንክብሎች፣ ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን የሚባለው መድኃኒት፣ በዓይን ውስጥ የሚደረግ መነጽር፣ የስኳር በሽታም ዓይንን ያደርቃሉ። ከዓይን ጋር አፍ ጭምር ሲደርቅና መገጣጠሚያ ሲቆረጥም፣ ስዊድናዊው የዓይን ሐኪም ሄንሪክ ሾግረን በ1933 በመመረቂያ ጽሑፉ የገለጸው በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ የሰውነት መከላከያ ኀይል የራሱን ዕጢዎች የሚወጋበት ሕመም ነው። ስለዚህ «ዓይኔ ደረቀ» ማለት የበሽታው ስም ሳይሆን የጥያቄው መጀመሪያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልምጣ። ዓይናችን ሲቀላ ምን እናደርጋለን? ወደ መድኃኒት ቤት ገብተን «የዓይን ጠብታ ስጡኝ» እንላለን፤ ወይም ከመኝታ ክፍል ጓደኛችን ትራስ ሥር ያለውን እንወስዳለን። ጠብታ ሁሉ አንድ ይመስለናል። አንዱ ዓይነት የደም ሥሮችን አጥብቦ መቅላቱን ለሰዓታት ይሸሽጋል፤ ሲቋረጥም መቅላቱ ብሶ ይመለሳል። ሌላው ተሕዋስያንን የሚገድል ነው፤ ለደረቀ ዓይን ግን ምንም አይፈይድም። ከሁሉ የከፋው ዴክሳሜታዞንን የመሰለ ስቴሮይድ ያለበት ነው። በአንድ ቀን ዓይኑን ነጭ ስለሚያደርገው ተማሪው «ተአምር ነው» ብሎ ለሌሎች ያወድሰዋል። ይህ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲራዘም በብዙ ሰዎች የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ግፊቱም የማየት ነርቭን እየበላ ግላኮማን ያመጣል። የዓይን ሞራንም ያስከትላል፤ ዓይን ውስጥ ተሕዋስያን ካሉም ያበረታቸዋል። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ በግላኮማ የሞተ ነርቭ ግን አይመለስም። ሐኪም ለጥቂት ቀናት ሊያዝዘው ይችላል፤ እርሱ ግን የዓይኑን ግፊት እየለካ ነው። በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ግፊት የሚለካ ማን ነው? ለሁለት ሳምንት ፈተና ሲባል የዕድሜ ልክ ብርሃንን ማስያዝ ንግድ አይደለም፤ ኪሳራ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ርካሽና ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። መጀመሪያ ዓይንን ማሳረፍ፤ በየሃያ ደቂቃው ከገጹ ቀና ብሎ በመስኮት ወደ ሩቅ መመልከትና ዓይንን ጥቂት ጊዜ ቀስ ብሎ ሙሉ በሙሉ መክደን። መስተዋቱን ከዓይን መስመር ዝቅ ማድረግ ይጠቅማል፤ ቀና ብሎ የሚያይ ዓይን ሰፊ ተከፍቶ ቶሎ ይደርቃል። ሁለተኛ፣ የዕጢዎቹን ቅባት ማቅለጥ፤ ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክሮ በተጨፈነ ዓይን ላይ ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ ማቆየትና የቆቡን ጠርዝ በዝግታ ማሸት። ሦስተኛ፣ ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለው ጠብታ፤ እንባን ይተካል እንጂ ስቴሮይድ የለበትም። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ግን ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ይጠይቅ፤ ማቆያው ራሱ ዓይንን ይቆጣልና። ይህ ሁሉ ካልረዳ ሐኪም ሌላ መንገድ አለው፤ እንደ ሳይክሎስፖሪን ያለ ጠብታ ወይም እንባ ወደ አፍንጫ የሚወርድበትን ቀዳዳ በትንሽ መወተፊያ መድፈን። በጎን የሚሸጠውን ተስፋ ሁሉ ደግሞ አትመኑ፤ ለዓይን ድርቀት ብዙ የተወራለት የዓሣ ዘይት በ2018 በታተመ ሰፊ ጥናት ከወይራ ዘይት አልበለጠም። ብርቱ ሕመም፣ ብርሃን መፍራት፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም በአንድ ዓይን ብቻ የመጣ መቅላት ካለ ግን ነገሩ የጨርቅና የውሃ አይደለምና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ይህ የከተሜ ቅንጦት ነው፤ ሕዝባችን በዓይን ማዝ እየታወረ አንተ ስለ ስልክ ትጽፋለህ» የሚሉኝ አሉ። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ በዓለም የዓይን ማዝ ሸክም እጅግ ከበዛባቸው አገሮች ግንባር ቀደሟ የእኛ ናት። ግን ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ አይደሉም። ዓይን ማዝ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ የሚተላለፍ ተሕዋስ የሚያመጣው ነው፤ ደጋግሞ ሲይዝ የቆቡን ውስጥ ጠባሳ ያደርገዋል፣ ጠባሳውም ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፣ ሽፋሽፍቱም ዓይኑን ይፈገፍጋል። ያው ጠባሳ የእንባንና የቅባትን ዕጢዎች ያንቃል፤ በመጨረሻ ዓይኑ ይደርቃል። በጓዳ ጭስ ውስጥ የምታነባ እናት «ጭሱ ነው» ብላ ሽፋሽፍቷን በወረንጦ ስታስነቅል የቆየችው ምናልባት ይህን ተሸክማ ነው። ለእርሷ ጠብታ አይበቃትም፤ ቆቡን የሚያቃና አጭር ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ ይህንም በጤና ጣቢያ የሚሠሩ የሠለጠኑ ነርሶች አሉ። ሲመሽ የማያይ ሕፃንም ዳፍንት ይዞታል ማለት ነው፤ የቫይታሚን ኤ እጥረት ዓይኑን አድርቆ ፈጽሞ ከማሳወሩ በፊት ሊደረስለት ይገባል። የራሱን ዓይን ድርቀት ምክንያት ያልጠየቀ ተማሪ የእናቱን ዓይን እንዴት ይጠይቃል?

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የተማሪዎች ክሊኒክ ሰው ሠራሽ እንባና የእይታ መለኪያ ሰሌዳ እንዲኖረው ማኅበሩ ይጠይቅ፤ ዓይናችን የሚደክመው መነጽር ስለሚያስፈልገን ሊሆን ይችላልና። ሁለተኛ፣ ጠብታ መዋዋስና ያለ ሐኪም ስቴሮይድ መጨመር የሚያመጣውን ጉዳት የሚገልጽ ማስታወቂያ በየመኝታ ቤቱ ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ የሕክምና ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ለክረምት ወደ የአገራችን ከመበተናችን በፊት የተቀለበሰ ሽፋሽፍትና ዳፍንት እንዴት እንደሚታወቁ የግማሽ ቀን ትምህርት ይስጡን። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በሺህ የሚቆጠር ተማሪ ወደ በሺህ የሚቆጠር ቤት ሲገባ ግን ማንም ዘመቻ የማይደርስበት ይደርሳል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ደግሞ መቅላቱን በጠብታ ደብቀን መድኃኒት ያገኘን እየመሰለን ነው። ይህን ገጽ አንብበህ የጨረስክ ወንድሜ፣ ያነበብሽ እኅቴ፣ ትራስ ሥር ያለውን ጠብታ አውጡና ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ለዓይናችን የምናነበው የመጀመሪያ ጽሑፍ እርሱ ይሁን።