የቃላቱ ጥራዝ ይቅር

የነርሲንግ መግቢያ ፈተና ሲቃረብ መቱ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት የገባ ሰው የቃላቱን ጥራዝ ሳያይ አይወጣም። በስቴፕለር የተመታ፣ ከኮፒ ላይ ኮፒ እየተደረገ ፊደሉ የደበዘዘ ወረቀት ነው። ገጹ በሦስት ይከፈላል፤ በግራ የእንግሊዝኛው የሕክምና ቃል፣ በመሃል አነባበቡ በግዕዝ ፊደል፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺው። ከጥራዙ ጋር አብሮ የሚታደል ምክርም አለ። ቃላቱን የያዘ ፈተናውን ያልፋል፣ የቀረው ኮሌጅ ሲገባ ይደረስበታል የሚል ነው። ከጎሬ፣ ከሁሩሙ፣ ከያዮ የሚመጡ ልጆች ይህን አምነው ክረምቱን ሙሉ ሲሸመድዱ ይከርማሉ። ምክሩ ስህተት ነው፤ ጉዳትም አለው። ምክሩን የሚሰጡት ደግሞ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች መሆናቸው ያናድዳል።

እስኪ ገጹን ገልጦ ማየት ነው። ኢሊየም የሚባል የትንሹ አንጀት መጨረሻ ክፍል አለ። ኢሊየም የሚባል የዳሌ አጥንትም አለ። በእንግሊዝኛ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ ያቺም ልዩነት ትጠፋለች። ጥራዙን የምታጠና ልጅ ሁለቱንም “ኢሊየም” ብላ ትይዛለች። ሥዕል የለም፤ አንጀቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ የሚያሳይ ምንም ነገር የለም። አስጠኚዋ እጇን ዳሌዋ ላይ አስጭኖ አጥንቱን ቢያስዳስሳት ዕድሜ ልኳን አትረሳውም ነበር። ለዚህ ግን ሰው ፊት ቆሞ ማስተማር ያስፈልጋል፣ ጥራዝ መሸጥ ይቀላል።

ኮሌክቶሚ ትልቁን አንጀት ቆርጦ ማውጣት ነው፤ ኮሎስቶሚ አንጀቱን በሆድ ቆዳ ላይ ከፍቶ ሰገራ በዚያ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ኩላሊት አንዴ በግሪኩ “ኔፍሮ”፣ አንዴ በላቲኑ “ሬናል” ተብሎ ይመጣል፤ ለምን ሁለት ስም እንዳለው ጥራዙ አይናገርም። ከሁሉ የከፋው ግን የሃይፖና የሃይፐር ነገር ነው። ሃይፖግላይሴሚያ የደም ስኳር ማነስ፣ ሃይፐርግላይሴሚያ የደም ስኳር መብዛት፤ ሁለቱ ከላይና ከታች ተደርድረው፣ በችኮላ ለሚያነብ ዓይን አንድ ዓይነት መስለው ይገኛሉ። ስኳሩ ያነሰበት ሰው ላብ በላብ ይሆናል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይርበዋል፣ ነገር ይምታታበታል። የበዛበት ውሃ ውሃ ይላል፣ ቶሎ ቶሎ ይሸናል፣ ሰውነቱ ይደርቃል። ለአንዱ የሚሰጠው ግሉኮስ ነው፤ ለሌላው ፈሳሽና ኢንሱሊን። ስኳሩ ያነሰበትን ሰው ኢንሱሊን መውጋት ሊገድለው ይችላል። ይህን ልዩነት በሁለት ፊደል ላይ አንጠልጥሎ ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ መስጠት ማስተማር አይባልም።

ፊደል ሰው እንደሚጎዳ ደግሞ ዓለም ያውቀዋል። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን በ2004 እ.ኤ.አ. በትእዛዝ ወረቀት ላይ እንዳይጻፉ የከለከላቸው ምሕጻረ ቃላት አሉ። አንዷ “ዩኒት” ለማለት የምትጻፈው “ዩ” ናት። ዜሮ እየመሰለች የኢንሱሊኑን መጠን አሥር እጥፍ ታደርገው ስለነበር ነው የተከለከለችው። በሙያው የኖሩ ነርሶችና ሐኪሞች በአንዲት ፊደል የሚሳሳቱ ከሆነ፣ ትርጉሙን ሳያይ ድምፁን ብቻ የያዘ ተማሪ ምን ሊሆን ነው?

የጥራዙ ጠበቆች መልሳቸው አንድ ነው፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የሙያ ፈቃድ ፈተናም በእንግሊዝኛ ነው፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የመውጫ ፈተናም እንደዚያው። ታዲያ እነዚህ ፈተናዎች የቃል ፍቺ ነው እንዴ የሚጠይቁት? አንድ ሕመምተኛ ምን ብሎ እንደመጣ፣ ምን እንደተገኘበት ነግረው ነርሷ መጀመሪያ ምን ማድረግ እንዳለባት ነው የሚጠይቁት። እንግሊዝኛ ያስፈልጋል፤ ማንም አልካደም። እንግሊዝኛ የሚለመደው ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር በማንበብ ነው፣ ቅድመ ቅጥያና ድኅረ ቅጥያ በመቁጠር አይደለም።

ለኢሉባቦር ልጅ ደግሞ ነገሩ በእጥፍ ይከብዳል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አደረገ፤ ልጁ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሳይንሱን በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ዘጠነኛ ክፍል ላይ በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይገባል። ሳምባን “ሶምባ”፣ ጉበትን “ቲሩ”፣ ኩላሊትን “ካሌ” ብሎ ነው የሚያውቀው። ጥራዙ ደግሞ የማያውቀውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ በትምህርት ቤት ሳይንስ ባልተማረበት አማርኛ ይፈታለታል። ቤቱ የሚያውቀው ስም ገጹ ላይ የለም። ነገ ነጩን ጋውን ለብሶ ሲቆም ግን ልትታከም የመጣች እናት “ጋራቱ ና ጪኒና” ነው የምትለው፤ ሆዴን ቆረጠኝ ማለቷ ነው። ቁርጠቱ የሆድ ሕመም ይሁን ወይስ ምጥ፣ እርጉዝ ትሁን አትሁን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቆ መለየት የእሱ ሥራ ነው። በካርል ሃይንዝ ቦህም ስም የሚጠራው መቱ ካርል ሆስፒታል ደግሞ ከጋምቤላ በኩል የሚመጡ ታካሚዎችንም ይቀበላል። ከእነሱ ውስጥ ኑዌርኛና አኝዋክኛ የሚናገሩ አሉ። በዚያ በር ላይ የሚቆም ነርስ ጆሮና ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

ከቃል ይልቅ ጆሮና ዓይን እንደሚያስፈልግ ምስክሩ ሩቅ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው ወደየቀበሌያቸው ገቡ። ኋላም በጤና ኬላ የሕፃናትን የሳምባ ምች እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። ሥራው እንዲህ ነው። ሕፃኑ በእናቱ እቅፍ ይረጋጋል፤ ልብሱ ከፍ ይደረግና ደረቱ ይታያል፤ ሰዓት ተይዞ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹ ይቆጠራል። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ነገሩ ጸንቷል። ይህን ለመማር “ታኪፕኒያ” የሚለውን ቃል ማወቅ አላስፈለጋቸውም። ጥራዙ ቃሉን ይዟል፤ ቁጥሩን አልያዘም፣ ሰዓቱን አልያዘም፣ ደረቱን አልያዘም። አንዲት ተማሪ ታኪፕኒያ ፈጣን አተነፋፈስ መሆኑን መልሳ ሙሉ ነጥብ ልታገኝ ትችላለች፤ ስንት ሲሆን ነው ፈጣን የሚባለው ቢሏት ግን ትንፋሿ ይቆማል።

ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውም ቃል በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግር እየሄዱ ዘመን ሲቆጠር የሚመጣ የእግር ማበጥ። ዝናብ የማይለየው፣ አፈሩ የቀላ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሽታውን ከጥንት ያውቀዋል። ስሙን በግሪክኛ ያወጣው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነው። ስሙ ግን የመጣው በመጨረሻ ነው። ፕራይስ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ገበያ ለገበያ እየዞረ እግራቸው ያበጠ ሰዎችን ቆጠረ፣ አፈሩን መረመረ፣ ከፍታውንና ዝናቡን አስተያየ። ሕክምናውስ? በየቀኑ እግርን በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ማታ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት። ከዳር እስከ ዳር የነርስ ሥራ ነው። የቃሉን ፍቺ የሸመደደ፣ ያበጠውን እግር በእጁ ይዞ ለማጠብ የሚጸየፍ ልጅ በመግቢያው ፈተና ያልፋል፤ አያቷን እያጠበች ያደገችው፣ ቃሉን ያልሰማችው ልጅ ትወድቃለች። ይህን በደል ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ነገሩን የሚያከፋው ጊዜው ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዩኒቨርሲቲ በር ሲጠብብ ወላጅ ዓይኑን ወደ ጤና ኮሌጅ ያዞራል፤ ቡናውን ሸጦ ለጥናት የሚከፍል ገበሬ አለ። በዚህ ጭንቀት ላይ ነው ጥራዙ የሚሸጠው። ገዢዎቹን መውቀስ አይገባም። ፈተናውን የሚያወጡት ሰዎች ፍቺ የሚጠይቁ ከሆነ ተማሪ ፍቺ ያጠናል፤ ሌላ ምን ያድርግ?

ስለዚህ ወቀሳው ወደ ፈታኞቹ ነው። አንድ አንቀጽ ይጻፉ። የ9 ወር ሕፃን ከሁለት ቀን ሳል በኋላ ከበቾ ወደ ጤና ጣቢያ መጣ፣ ትንፋሹ በደቂቃ 56 ነው፣ አይጠባም፣ እናቱ ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት አለው ትላለች። ከዚህ ውስጥ የትኛው ያስጨንቃል? እናቲቱ ምን ልትጠየቅ ይገባል? ቀላል በሆነ እንግሊዝኛ ይጻፍ፣ መመዘኛው ከፈተናው በፊት ከነቁጥሩ ለተማሪው ይሰጠው። ቃለ መጠይቁ ላይ ደግሞ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ሕመሙን የሚናገር ሰው ፊት ተቀምጦ ተማሪው ሲጠይቅና ሲያዳምጥ ይታይ፤ አንድ ደቂቃ የሰው ትንፋሽ ቆጥሮ ቁጥሩን ይናገር። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት ወንበርና ሴኮንድ የሚቆጥር ሰዓት ነው፤ የሚቀጥለው ምዝገባ ሳይከፈት ሊጀመር ይችላል።