የአእምሮ ሕክምና መተግበሪያ በዋግ ኽምራ፦ ማን ያርመው?

ፒኤችኪው-9 የተባለው የድብርት መለያ መጠይቅ ታካሚው ያለፉትን 2 ሳምንታት እንዲያስታውስ ይጠይቃል። በወረቀትም ሆነ በስልክ መተግበሪያ ሲቀርብ ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ቀንን በበዓላት ስም ለሚቆጥር የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ግን «ከሚካኤል እስከ መድኃኔዓለም» ቢባል ይበልጥ ይገባዋል፤ ከ12 እስከ 27 መሆኑ ነውና። ይህ እርማት ከመተግበሪያው ሠሪ አይመጣም። የሚያውቁት ታካሚውን በየዕለቱ የምታነጋግረው ነርስና ታካሚው ራሱ ናቸው።

ሕክምናውን ከልዩ ሆስፒታሎች ወደ ጤና ጣቢያ የማውረድ ሐሳብ አዲስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሐኪም ላልሆኑ ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሞ፣ ኋላም በስልክ መተግበሪያ መልክ ወጥቷል። በኢትዮጵያም ፕራይም የተባለው የምርምር ፕሮግራም አገልግሎቱን በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች ሞክሯል። በዚያው ወረዳ የተደረገ ጥናት ታካሚዎች በአገልግሎቱ ዕቅድና ግምገማ ያላቸው ድርሻ እጅግ አነስተኛ እንደነበር አሳይቷል፤ በኋላ የተከተለው ሙከራ ግን ታካሚዎችን፣ አስታማሚዎችንና ባለሙያዎችን አንድ ላይ አስቀምጦ አወያይቷል፤ ታካሚዎቹም ኑሯቸውን ራሳቸው ባነሡት ፎቶግራፍ አስረድተዋል። «የአእምሮ ሕመምተኛ ምን ይመክራል?» ለሚል ተጠራጣሪ ይህ በቂ መልስ ነው።

የዋግ ሁኔታ ከሶዶ ይከብዳል። ብዙ ነዋሪዎች በኽምጣና ይናገራሉ፤ ጭንቀታቸውንም የሚገልጹት በአፍ መፍቻቸው ነው። የአማርኛው ትርጉም ራሱ ቢሆን እንከን አያጣውም («ደበረኝ» በከተማ ወጣት አንደበት ተራ መሰልቸት ማለት መሆኑን ልብ ይሏል)። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የዘለቀው ጦርነት ከአበርገሌና ከፃግብጂ ያፈናቀላቸው ሰዎች ስማቸውና ሕመማቸው በአንድ መዝገብ ሲሰፍር ቢሠጉ አያስደንቅም።

ከሁሉ የሚያሳስበው የስልኩ ነገር ነው። በገጠር አንድ ስልክ የቤተሰቡ ሁሉ ነው። የመጠይቁ 9ኛ ጥያቄ ሞትን ስለ መመኘትና ራስን ስለ መጉዳት ይጠይቃል። የአንዲት ምራት መልስ በባሏ ወይም በአማቷ እጅ በሚውል ስልክ ላይ ከቀረ፣ መሣሪያው ሕይወቷን ሊያድን ቀርቶ አደጋ ላይ ይጥላታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥንቃቄ ከሚሹት የግል መረጃዎች ይመድባል፤ ሆኖም አዋጅ በአንድ ጎጆ ውስጥ ስልኩ ከማን እጅ እንደሚውል አይቆጣጠርም። ይህን ቀድማ የምትናገረው ምራቲቱ ናት፤ ከተጠየቀች።

ባለሙያዎቹም ቅሬታ አላቸው። ተረኛዋ ነርስ በወረቀት መዝገብ የጻፈችውን በታብሌት እንድትደግም ከታዘዘች፣ ታካሚውን ዓይን ዓይኑን የምታይበት ጊዜ ከየት ይመጣል? «ከዚህ ቀደም የት ታከሙ?» የሚለው ጥያቄ የጤና ተቋማትን ብቻ ከዘረዘረም፣ ወራት በጠበል ቦታ የቆየው ሰው ታሪኩ ባዶ ሆኖ ይመዘገባል።

ተሳትፎ ሲባል ግን አንድ ቀን አዳራሽ ጠርቶ ማስጨብጨብ አይደለም። መተግበሪያው በሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታልና በወረዳ ጤና ጣቢያዎች ከመዘርጋቱ በፊት፣ ታካሚዎችና ነርሶች አንድን ጥያቄ «ይውጣ» ሲሉ የሚወጣበት ስምምነት በጽሑፍ መስፈር ይኖርበታል። ከዝቋላ ወይም ከአበርገሌ ለሚመጣው ታካሚም የመጓጓዣና የውሎ አበሉ ከሶፍትዌሩ ዋጋ ጋር በአንድ በጀት ሊያዝ ይገባል።