ለሌላ ጌታ ያደረ ኮምፒዩተር

በስደት ላይ ላለ ሰው ኮምፒዩተር የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ደመወዙን የሚያይበት ባንክ፣ ለወላጆቹ ገንዘብ የሚልክበት መንገድ፣ የፓስፖርቱና የመኖሪያ ፈቃዱ ቅጂ የተቀመጠበት ሣጥን እሱ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ አደራ የተሸከመ ዕቃ ከእኛ ሌላ ጌታ ቢኖረውስ? ከሥራ መልስ «አረጀ፣ ተንቀራፈፈ» የተባለ የወዳጅ ኮምፒዩተር ስመለከት፣ አንዳንዴ የማገኘው እርጅና ሳይሆን ተደብቆ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ሥራውም ባለቤቱ ሳያውቅ ማስታወቂያ እየከፈተ መጫን ነው።

ለመሆኑ ይህ ለማን ይጠቅማል? በኢንተርኔት የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ማስታወቂያው በታየ ወይም በተጫነ ቁጥር ነው። ከዚህ ክፍያ የተወሰነው ማስታወቂያው ለወጣበት ድረ ገጽ ባለቤት ይደርሳል። ሌባው እንግዲህ ማንም የማያነበው ድረ ገጽ ያቋቁምና «አንባቢ» ይፈልጋል። ሁሉንም ከራሱ ኮምፒዩተር ቢጫን በአንድ ቀን ይያዛል። የእኔና የእርስዎ ኮምፒዩተር ግን የመኖሪያ ቤት የኢንተርኔት አድራሻ ስላለው እውነተኛ ሰው ይመስላል። ስለዚህ የሚሰረቀው የኮምፒዩተራችን ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ስማችንም ጭምር ነው።

ነገሩ ተረት እንዳይመስል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2011 የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. ስድስት የኢስቶኒያ ዜጎችና አንድ ሩሲያዊ መከሰሳቸውን አስታወቀ። «ዲኤንኤስ ቼንጀር» የተባለው ፕሮግራማቸው ከ100 በሚበልጡ አገሮች ወደ 4 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮች ገብቶ ነበር፤ ከእነዚህም 500,000 ያህሉ አሜሪካ ውስጥ ነበሩ። ያገኙት ገንዘብ ቢያንስ 14 ሚሊዮን ዶላር ነው ተብሏል። ፕሮግራሙ የሚነካው ኮምፒዩተሩ የድረ ገጾችን አድራሻ የሚጠይቅበትን «የስልክ ማውጫ» ነው፤ እውነተኛውን ማውጫ አንሥቶ በሌቦቹ ማውጫ ይተካዋል። ባለቤቱ አንዱን ሲፈልግ ወደ ሌላ ይወሰዳል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የጸረ ቫይረስ ማሻሻያ እንዳይገባ መከልከሉ ነበር። የቡድኑ መሪ ቭላዲሚር ትሳስትሲን በ2016 ኒው ዮርክ ላይ 7 ዓመት ከ3 ወር ተፈርዶበታል።

እኔን የሚያስገርመኝ ግን ከዚያ የተከተለው ነው። የሌቦቹ ማውጫ በድንገት ቢዘጋ የተጠቁት ሁሉ ኢንተርኔት ሊያጡ ስለሚችሉ፣ በፍርድ ቤት ፈቃድ ጊዜያዊ ማውጫ እስከ ጁላይ 9 ቀን 2012 እንዲሠራ ተደረገ። ስምንት ወር ሙሉ ማስጠንቀቂያ ቢነገርም ቀኑ ሲደርስ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ገና አልጸዱም ነበር። ለምን ቢሉ፣ ባለቤቶቹ የሚያም ነገር አልተሰማቸውም። የዚህ ሌብነት ጉልበቱ ይኸው አለማሳመሙ ነው።

«የሚዘረፈው ሀብታም ኩባንያ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» የሚል ይኖራል። በመጀመሪያ፣ ሰፈራችን ውስጥ ምግብ ቤት ከፍቶ በኢንተርኔት የሚያስተዋውቀው ወገናችንም ከፋዩ ነው። ሁለተኛ፣ ዛሬ ማስታወቂያ የሚጫን ፕሮግራም ነገ ሌላ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ያ የፓስፖርት ቅጂ ያለው እዚያው ነው። ሦስተኛ፣ አድራሻችን ሊከራይ ይችላል። በሜይ 2024 የተዘጋው «911 ኤስ 5» የተባለው መረብ በነጻ ቪ.ፒ.ኤን. ፕሮግራሞች እየገባ ከ19 ሚሊዮን በላይ የኢንተርኔት አድራሻዎችን ለወንጀለኞች ያከራይ ነበር። የዋትስአፕ ጥሪ በተከለከለባቸው የባሕረ ሰላጤ አገሮች ሆነው በነጻ ቪ.ፒ.ኤን. ከቤተሰብ ጋር የሚነጋገሩ እህቶቻችን ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። ወንጀሉ ሲመረመር በመጀመሪያ የሚገኘው የቤቱ አድራሻ ነው፤ የስደት ጉዳዩ ገና ላላለቀለት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አደጋው ከኮምፒዩተርም አልፏል። ኤፍ.ቢ.አይ. በጁን 2025 «ባድቦክስ 2.0» ስለተባለው መረብ አስጠንቅቋል፤ የአገር ቤት ቴሌቪዥን እናይበታለን ብለን በርካሽ እንደምንገዛቸው ያሉ የአንድሮይድ ሣጥኖች አንዳንዶቹ ተበክለው ከፋብሪካ ይወጣሉ። ሲገጠም የጉግልን መከላከያ «ፕሌይ ፕሮቴክት» አጥፉ የሚል ሣጥን ካጋጠመዎት ወደ ሱቁ ይመልሱት።

መፍትሔውስ? ማሻሻያ ሲመጣ «በኋላ» እያሉ አያሳልፉት። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷልና ለልጆች የተሰጠውን አሮጌ ኮምፒዩተር ይመልከቱት። ለዕለት ሥራ የአድሚኒስትሬተር አካውንት አይጠቀሙ። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም፣ «ቪዲዮውን ለማየት ይህን ጫን» የሚል ግብዣ ይቅርብዎት፤ ለአማርኛ መጻፊያም ቢሆን ዊንዶውስ የራሱ ኪቦርድ አለው። በብራውዘሩ ላይ የተለጠፉትን ተጨማሪዎች አይተው የማያውቁትን ያስወግዱ። የራውተሩን የፋብሪካ የይለፍ ቃል ይቀይሩ፤ ዲኤንኤስ ቼንጀር ራውተር ውስጥም የገባው በዚያ በኩል ነበር።

ማንም ሳይነካው ማራገቢያው የሚጮህ፣ ድረ ገጽ ሳይከፈት የማስታወቂያ ድምፅ የሚሰማበት፣ ፍለጋው ወደማይፈልጉት ቦታ የሚወስድዎ ከሆነ ይጠርጥሩ። የዊንዶውስ ዲፌንደር ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት የሚፈትሽበት አማራጭ አለው፤ በእሱ ያስፈትሹ። ካልለቀቀ ሰነዶችዎን ቀድተው ዊንዶውስን ከሥሩ እንደገና ይጫኑ፤ የይለፍ ቃሎችዎንም ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ይቀይሩ።

ይህ ሁሉ የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጊዜ ሲያገኙ የራስዎን፣ ቀጥሎም የጎረቤትዎን ይመልከቱ።