ካሜራው የማንን ቆዳ ነው የሚያውቀው?

የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የሚመረጥበት ጊዜ ሲደርስ አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ብቅ ይላል፤ የሰውን ቆዳ ሳይበሱ፣ ሳይቆርጡ በካሜራ አንስቶ በሽታውን በኮምፒዩተር መለየት። ርዕሱ ጥሩ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ቅር የሚለኝ አሠራራችን ነው። ፎቶውን ከኢንተርኔት እናወርዳለን፣ ሞዴሉን እናሠለጥናለን፣ ከዚያ «ዘጠና ምናምን ፐርሰንት ትክክል ነው» ብለን እናቀርባለን። ጭብጨባውም ይከተላል። ለመሆኑ ያ ዘጠና ምናምን የተገኘው በማን ቆዳ ላይ ነው?

እስቲ ከውጭው እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ129,450 ፎቶዎች ያሠለጠኑትን ፕሮግራም ከ21 የቆዳ ሐኪሞች ጋር አወዳደሩ፤ የቆዳ ካንሰርን በመለየት ከሐኪሞቹ እንደማያንስም ጻፉ። ብዙ ሰው «በቃ፣ የቆዳ ሐኪም በስልክ መጣ» አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ነገሩን ከሥሩ አየው። ለማንም ክፍት የሆኑ 21 የቆዳ ካንሰር የፎቶ ስብስቦችን ሲፈትሽ፣ ከ106,950 ፎቶዎች መካከል የቆዳ ዓይነት የተመዘገበላቸው 2,436 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከእነዚህም ውስጥ ቡናማ ቆዳ ያላቸው ሰዎች ፎቶ 10፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ፎቶ ደግሞ አንድ! እኛ ታዲያ ላፕቶፓችን ላይ የምናወርደው ይህንኑ ዓይነት ስብስብ ነው።

አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣችው ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የኩባንያ ፕሮግራሞች ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ ስህተታቸው እስከ 34.7 ፐርሰንት ሲደርስ፣ ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ከ0.8 ፐርሰንት አልበለጠም።

ይህ ሁሉ የግድ ተንኮል አይደለም፤ ግማሹ ፊዚክስ ነው። ብርሃን ቆዳ ውስጥ ሲገባ ከፊሉን ሜላኒን፣ ከፊሉን ደም ይመጠዋል፤ ካሜራው የሚያነበው ተመልሶ የወጣውን ነው። ሜላኒን ሲበዛ ተመልሶ የሚወጣው ያንሳል፣ የደሙም ቅላት ይሸፈናል። በነጭ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ የሚታይ ቁጣ በጠይም ቆዳ ላይ ጠቆር ይላል፣ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላል። ቀይ መፈለግ የተማረ ፕሮግራም እኛ ጋ ሲመጣ ምን ያያል?

መለኪያውም ለእኛ ተብሎ የተሠራ አይደለም። የፊትዝፓትሪክ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ የነጮች ቆዳ በፀሐይ ምን ያህል እንደሚቃጠል ለመለየት ነበር፤ ቡናማና ጥቁር የተጨመሩት በኋላ ነው። እናቶቻችን ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያሉ የሚለዩትን መልክ እሱ በሁለት በሦስት ቁጥር ይጠቀልለዋል። በሰው ቁና መሰፈር ማለት ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የበሽታው ዓይነት ነው። በውጭዎቹ ስብስቦች የሚበዛው የቆዳ ካንሰር ነው። በእኛ አገር ጤና ጣቢያ ግን እከክ፣ ጭርትና ቁንጭር አለ፤ ሥጋ ደዌም አልጠፋም። ዘነበወርቅ ያለው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ነበር፤ ዛሬም ለቆዳ ሕክምና የታወቀ ሆስፒታል ነው። እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ የፋብሪካና የግንባታ ሠራተኛ ሞልቷል። ሲሚንቶ የሚያቦካው፣ ክሮም በገባበት ውኃ ቆዳ የሚያለፋው፣ እጁ በማሽን ዘይት ተነክሮ የሚውለው፣ ሁሉም ቆዳው የመቆጣት አደጋ አለበት። ይህ እጅ በየትኛው የፎቶ ስብስብ ውስጥ አለ?

«ኧረ ተው፣ የቆዳ ሐኪም በሌለበት ከምንም ይሻላል» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። ሥጋ ደዌ ብዙ ጊዜ ሲጀምር ነጣ ያለ፣ ስሜት የሌለው ምልክት ቆዳ ላይ ያወጣል። የጤና ባለሙያው በጥጥ ነካ አድርጎ «ይሰማሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ፎቶ ይህን መጠየቅ አይችልም። ፕሮግራሙ «ምንም የለብህም» ካለው ሰውየው ተማምኖ ቤቱ ይገባል፤ መድኃኒቱ በነፃ እየተሰጠ እሱ ነርቩ ይጎዳል። ፕሮግራሙ ባይኖር ኖሮ ቢያንስ ተጠራጥሮ ጤና ጣቢያ ይሄድ ነበር። እንግዲህ የተሳሳተ መልስ ከምንም አይሻልም።

ደግነቱ መፍትሔ አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት፣ በናሙና ምርመራ በተረጋገጡ 656 ፎቶዎች ሲፈተኑ የታወቁ ፕሮግራሞች ጥቁር ቆዳ ላይ እንደሚደክሙ አሳየ። በእነዚያው ፎቶዎች ተጨማሪ ሥልጠና ሲሰጣቸው ግን ልዩነቱ ጠፋ። 656 ፎቶ! ከሆስፒታል ጋር ተባብሮ ለሚሠራ ዲፓርትመንት፣ በየዓመቱ ባች እየተቀባበለ ቢሰበስበው፣ ይህ የማይደረስበት ቁጥር አይደለም።

ስለዚህ በበኩሌ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በቆዳ ፎቶ ላይ የተሠራ ማንኛውም ፕሮጀክት በአገር ውስጥ ፎቶ ሳይፈተን፣ ውጤቱም በመልክና በበሽታ ዓይነት ተለያይቶ ሳይቀርብ አይጽደቅ። ሁለተኛ፣ ከሰፈራችን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ወይም ከአለርት ጋር የሚነጋገር የመምህራንና የተማሪ ቡድን ይቋቋም፤ በሽታውን የሚሰይመው ሐኪሙ እንጂ እኛ አይደለንም። ሦስተኛ፣ ታካሚው በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ሳይፈቅድ አንድም ፎቶ አይነሣ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው መረጃዎች መድቦታል፤ የታካሚ ፎቶ በቴሌግራም የሚላላኩት ነገር አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ውጤታችን ከዘጠና ወደ ስድሳ ይወርድ ይሆናል። ይውረድ! ስድሳው የእኛ ሰው ቆዳ ላይ የተገኘ ስድሳ ከሆነ ቀጣዩ ባች የሚጀምርበት አለው። መምህራኖቻችንም ነጥብ ሲሰጡ ይህን ቢያስቡልን እላለሁ።

ቸር እንሰንብት!