«ይበላል» የሚባለው መኪና ምን ተፈትቶበት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚሸጥ ሰው ከሁሉ በፊት «ነዳጅ እንዴት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱም የታወቀ ነው፦ «ኧረ ይሄ? በነዳጅ ሽታ ነው የሚሄደው!» ገዢው ሁለት ሳምንት ነድቶ ማደያ ሲመላለስ ነገሩ ይገባዋል። ያኔ ደግሞ ሌላ ማጽናኛ ይመጣል፦ «ምን ታደርገዋለህ፣ አሮጌ ነው፤ አሮጌ መኪና ይበላል።»

ይህች «አሮጌ ይበላል» የምትባል አባባል ስንቱን ሰው ከኪሱ እያራቆተች ነው። ሞተር ሲያረጅ ትንሽ ተጨማሪ ነዳጅ መጠየቁ አይካድም። በከተማው ውስጥ በሊትር 8 እና 9 ኪሎ ሜትር የሚሄዱት ቪትሶችና ያሪሶች ግን አብዛኞቹ ችግራቸው ዕድሜ አይደለም። የሆነ ጊዜ፣ የሆነ ጋራዥ ውስጥ፣ የሆነ ዕቃ ተፈትቶ ሳይመለስ ቀርቶባቸው ነው።

ዋናው ተጠርጣሪ ቴርሞስታት ነው። መኪናው አንድ ቀን ይሞቃል። ባለቤቱ ደንግጦ ጋራዥ ይወስደዋል። መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥልና «ይሄ ለፈረንጅ አገር ብርድ ነው፣ እዚህ አያስፈልግም» ይላል። መርፌዋ ትወርዳለች፣ ሰውየው አመስግኖ ይሄዳል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን በየወሩ የማይታወቅ ግብር እየከፈለ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ በር ነው፤ በብዙዎቹ ቶዮታዎች 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መከፈት ይጀምራል። በሩ ሲነሳ ውሃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ይዞራል፤ ሞተሩ የሚገባውን ሙቀት ለማግኘት ብዙ ይቆያል፣ ቁልቁለት ላይና ማታ ማታ ጭራሹን አያገኘውም። የመኪናው ኮምፒውተር ደግሞ የሚያምነው የውሃውን ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ «ቀዝቃዛ ነው» ካለው ቤንዚን ይጨምራል፤ በድሮ መኪኖች ቾክ ተስቦ እንደመንዳት ማለት ነው። ጠዋት 10 ዲግሪ በሚሆንባት አዲስ አበባ «ለፈረንጅ ብርድ ነው» የሚለው ምክንያት ከየት እንደመጣ እንጃ።

ጉዳቱ በነዳጅ አያበቃም። መኪናው መጀመሪያ የሞቀው በሌላ ምክንያት ነበር፤ ራዲያተሩ በዝገት ተደፍኖ ወይም ፋኑ በሰዓቱ አልነሳ ብሎ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን መብላት ጀምሮ። ቴርሞስታቱ ሲወጣ በሽታው ተሸፈነ እንጂ አልዳነም። በኩላንት ፋንታ ዓመት ሙሉ የቧንቧ ውሃ ሲሞላበት የኖረ ሞተር ውስጡ ምን እንደሚመስል የፈታው ያውቀዋል።

በመካኒኩ ላይ ብቻ መፍረድ ግን ልክ አይደለም። የተጠየቀው «ዛሬውኑ አስነሳልኝ፣ በርካሽ» ተብሎ ነው። ባለቤቱ ራዲያተር ለማሳጠብ የሚከፈለውን ሲሰማ ፊቱ ይለወጣል፤ «ነቅለህ ጣለው» ሲባል ፊቱ ይበራል። ዋናውን ዕቃ ከአስመሳዩ መለየት ፈተና በሆነበት ገበያ ደግሞ መካኒክ ሁሉ ለገዛው ዕቃ ዋስ መሆን አይፈልግም።

ሁለተኛው ኦክስጅን ሴንሰር ነው። ጭሱን እየለካ «ቤንዚን በዛ፣ አነሰ» ብሎ ለኮምፒውተሩ የሚናገረው እሱ ነው። ሲበላሽ ኮምፒውተሩ በግምት መሥራት ይጀምራል፣ ግምቱም ብዙ ጊዜ ወደ መብዛቱ ያደላል። የቼክ ኢንጂን መብራት የሚበራው እንዲህ ያለውን ለመናገር ነበር። እዚህ ግን መብራቷ ላይ ፕላስተር የሚለጥፍ ሾፌር ሞልቷል፤ አምፖሏን የሚያስነቅልም አለ። የአሜሪካ መንግሥት ስለ ነዳጅ ቁጠባ ለአሽከርካሪዎች በሚሰጠው ምክር እንደ ኦክስጅን ሴንሰር ያለ ከባድ ብልሽት ሲጠገን የነዳጅ አጠቃቀሙ እስከ 40 በመቶ ሊሻሻል እንደሚችል ይገልጻል። ሁሉም መኪና 40 በመቶ ያገኛል ማለት አይደለም፤ ግን ፕላስተሩ ምን እንደሸፈነ ለማሰብ ይበቃል።

ነገሩን በብር ለማየት፣ በቀን 150 ኪሎ ሜትር የሚሠራ የራይድ ሾፌር እንውሰድ። መኪናው በሊትር 10 ከሄደ 15 ሊትር ይፈልጋል። በሊትር 12 ተኩል ከሄደ 12 ሊትር ይበቃዋል። ልዩነቱ በቀን 3 ሊትር ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 48 ብር አይሞላም ነበር፤ በ2017 ከ100 ብር አለፈ። በ100 ብር ብቻ ቢሰላ እንኳ በወር 25 ቀን ለሚሠራ ሰው 7,500 ብር ነው። ይህ ለብዙ ቤት የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ በጭስ ማውጫ በኩል የሚወጣው እሱ ነው።

«የነዳጅ ዋጋ የጨመረው መንግሥት፣ ጥፋቱ የሾፌሩ ይሁን?» የሚል አይጠፋም። ዋጋው የሾፌሩ ጥፋት አይደለም፣ ትክክል ነው። ግን መንግሥትም ቢሆን እነዚህን መኪኖች የረሳቸው ይመስላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ወሬው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። መንገድ ላይ ያሉት ግን አሁንም በአብዛኛው እነዚሁ አሮጌዎቹ ናቸው፤ ምትክ በቀላሉ ስለማይገባላቸውም ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ የጭሱ ልኬት በወረቀት ተጽፎ ለባለቤቱ ቢሰጥና ምን ማለት እንደሆነ ቢነገረው፣ ቤንዚን በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር ትንሽ ነገር አይሆንም ነበር።

እስከዚያው ግን ሰዉ ገንዘቡን የሚያፈሰው ሌላ ቦታ ነው። ታንክ ውስጥ የሚጨመር ጠርሙስ፣ የሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካ «ነዳጅ ቆጣቢ»፣ ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን ፈትሾ ይህ ነው የሚባል ለውጥ የሚያመጣ አላገኘም። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካዋ እንኳ ብዙውን ጊዜ አንድ መብራት ነች።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን በፎሌ መንዳት ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርድ፣ ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሲወርድ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ፎሌ የሚያደርግ፣ ይባስ ብሎም ሞተሩን የሚያጠፋ አለ። በካርቡራተር ዘመን ትንሽ ቁጠባ ነበረው። ኢንጀክሽን ባለው መኪና ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ ማርሽ እንደገባ እግር ከቤንዚኑ ላይ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ የግድ ቤንዚን ያቃጥላል። ማለትም ሰውየው የበለጠ ነዳጅ እየጨረሰ፣ ሞተር የሚይዝለትን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ይወርዳል። ሞተር ከጠፋ ደግሞ የፍሬኑ አጋዥ ጉልበት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል። በዚያ ዳገት ታች ምን ያህል ሰው በእግሩ እንደሚሄድ ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ያውቀዋል።

የቀረው ቀላል ነው። ጎማን በእርግጫ መለካት ቀርቶ በጌጅ ይለካ፤ ትክክለኛው ቁጥር የሾፌሩ በር ዓምድ ላይ ተለጥፏል፤ በኪሎ ፓስካል ከተጻፈ 220 ማለት ወደ 32 ፒኤስአይ ነው። ከመንገድ መልስ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ ይዞ ነው የሚሄደው። ባዶውን ፖርቶ መጋላ ማውረድ ምንም አያስከፍልም። ጠዋት ጠዋት ሞተር አስነስቶ ሩብ ሰዓት ግቢ ውስጥ ማቆም ለላዳ ቢሆን እንጂ ለቪትስ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ግን መለካት ነው። ታንኩን ሞልቶ ኪሎ ሜትሩን መጻፍ፣ ጥቂት ቀን ነድቶ እንደገና መሙላት፣ የተነዳውን ለገባው ሊትር ማካፈል። ከዚያ መካኒኩን «ቴርሞስታት አለው ወይስ ወጥቷል?» ብሎ መጠየቅ። ወጥቶ ከሆነ ራዲያተሩን አሳጥቦ፣ ኩላንት ሞልቶ መመለስ፤ ዕቃው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሙሉ ታንክ ቤንዚን በታች ይገዛል። ከዚያም እንደገና ሞልቶ ያንኑ መንገድ መንዳትና ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት።