«አገልግሎቱ ለአፍታም አይቋረጥም» ከማለት በፊት

የዶክትሬት ጥናቴን በውጭ አገር በምከታተልበት ዘመን፣ ስድስት ቀን ሙሉ ሲካሄድ የቆየ የኮምፒውተር ስሌት በአንድ ሌሊት ጠፍቶብኛል። በዋዜማው የደረሰን ማስታወቂያ «ሰርቨሮቹ ይሻሻላሉ፤ አገልግሎቱ ግን ለአፍታም አይቋረጥም» የሚል ነበር። ይህን አምኜ የስሌቱን መካከለኛ ውጤት ሳላስቀምጥ ተኛሁ። ማስታወቂያው «ለአንድ ሰዓት ይቋረጣል» ቢል ኖሮ ውጤቱን ለማስቀመጥ ዐሥር ደቂቃ በበቃኝ ነበር። የዛሬው አስተያየቴ ከዚያ ሌሊት የመነጨ ነው፤ ይኸውም በጥንቃቄ የታቀደና አስቀድሞ የተነገረ አጭር መቋረጥ «ምንም አይቋረጥም» ከሚል ተስፋ ይሻላል የሚል ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከተው። ቨርቹዋላይዜሽን ማለት አንድን ሰርቨር በሶፍትዌር አማካይነት እንደ ብዙ ኮምፒውተሮች አድርጎ ማሠራት ነው። ይህን የሚያከናውነው ሶፍትዌር ሃይፐርቫይዘር፣ በላዩ የሚሠሩት ደግሞ ቨርቹዋል ማሽኖች ይባላሉ። ሃይፐርቫይዘርም እንደማንኛውም ሶፍትዌር ያረጃል። ለምሳሌ ያህል፣ ቪስፊር 7 ለተባለው የቪኤምዌር ምርት ይሰጥ የነበረው አጠቃላይ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2025 አብቅቷል። ድጋፍ ባጣ ሶፍትዌር ላይ አዲስ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝ መደበኛ ማስተካከያ አይጠበቅም። ስለሆነም ማሻሻሉ አይቀሬ ነው፤ ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው።

ቪኤምዌር እ.ኤ.አ. በ2003 በሥራ ላይ ያለን ቨርቹዋል ማሽን ሳያጠፉ ወደ ሌላ ሰርቨር የማዛወር ዘዴን ለገበያ አቅርቧል። «አይቋረጥም» የሚለው ተስፋ የሚመነጨው ከዚህ ነው። እስቲ እናስላ። የማሽኑ ሜሞሪ 32 ጊጋባይት፣ በሁለቱ ሰርቨሮች መካከል ያለው መስመር ፍጥነት በሰከንድ 10 ጊጋቢት ነው እንበል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ሜሞሪውን መቅዳት በትንሹ 25.6 ሰከንድ ይፈጃል። ማሽኑ ግን በዚህ ጊዜም ሥራውን ስለማያቆም ከተቀዳው ውስጥ ከፊሉን መልሶ ይለውጠዋል። የለውጡ ፍጥነት የመስመሩ አንድ ዐሥረኛ ቢሆን ሁለተኛው ዙር 2.56፣ ሦስተኛው 0.256 ሰከንድ ይወስዳል። በመጨረሻም ማሽኑ ለቅጽበት ቆሞ የቀረችው ትንሽ ክፍል ትተላለፋለች። መቋረጡ እጅግ አነሰ እንጂ ዜሮ አልሆነም። በአንጻሩ የለውጡ ፍጥነት ከመስመሩ ፍጥነት ከበለጠ የሚቀረው ከዙር ወደ ዙር አይቀንስም፤ ያኔ ማሽኑን ማዘግየት ወይም ማቆም ግድ ይሆናል። እንደ እኔ ስሌት ሜሞሪን ያለ ዕረፍት የሚለዋውጥ ሥራ ለዚህ ችግር የተጋለጠ ነው።

ሁለተኛው ስሌት ከዚህም የቀለለ ነው። ሦስት እኩል ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው 80 በመቶ ሥራ ቢኖርባቸው ድምሩ 240 በመቶ ይሆናል። አንዱን ለማሻሻል ባዶ ስናደርገው የቀሩት ሁለቱ የሚሸከሙት 200 ብቻ ነው። ሥራው «ቨርቹዋል» ስለተባለ ክብደቱ አይጠፋም። ለሦስት ሰርቨሮች ጣሪያው 67 በመቶ ገደማ ነው፤ ትርፍ አቅም ሳይኖር ያለ መቋረጥ ማሻሻል አይቻልም።

እንግዲህ መልካም ዕቅድ ምን ይመስላል? በመጀመሪያ መጠባበቂያ ቅጂ ይወሰዳል፤ ቅጂው በሌላ ዲስክ ላይ ተቀምጦ፣ ከእርሱም መልሶ መነሣት እንደሚቻል በሙከራ ይረጋገጣል። ቀጥሎ ሰርቨሮቹን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ይሻሻላል፤ በዚህ ጊዜ ቨርቹዋል ማሽኖቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ከዚያ ሰርቨሮቹ አንድ በአንድ ባዶ እየተደረጉ ይሻሻላሉ፤ የመጀመሪያው በቂ ጊዜ በሥራ ሳይታይ ሁለተኛው አይነካም። ከዚህም በተጨማሪ ወደኋላ የመመለሻው ሰዓት አስቀድሞ ይጻፋል፤ ሥራው እስከዚያ ካልተሳካ ያለ ክርክር ወደ ነበረበት ይመለሳል። የእኛ ሌሊት 8 ሰዓት በሰርቨሩ ላይ 2 ሰዓት ተብሎ ስለሚነበብ፣ በዕቅዱ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር መጻፍ ከስሕተት ያድናል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ አበው። የተማሪዎች ምዝገባም ሆነ ውጤት በሰርቨር ላይ በተቀመጠበት በዚህ ዘመን የሚፈሰው የሰው ድካም ነው። ነገ ይህን ኃላፊነት የምትረከቡ ተማሪዎች ሆይ፣ ለተጠቃሚው መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቋረጥ በግልጽ ንገሩት። የእኔ ስድስት ቀን አልተመለሰም፤ በእናንተ ዘመን የሌላው እንዳይጠፋ ግን ማድረግ ትችላላችሁ።